የኮምፒውተር ፕሮግራማችሁን ወደ ስልክ ማዛወር፦ ላይብረሪ ከመምረጥ እስከ መጨረሻው ፍተሻ

ብዙ ሰው ይህን ስራ ከተሳሳተው ጫፍ ይጀምረዋል። ኮዱን በሙሉ ያነሳና በአንድ ጊዜ ለአንድሮይድ ኮምፓይል ላድርገው (ስልኩ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም ልቀይረው) ይላል። ኤረሩ ይጎርፋል። አንዱን ሲያስተካክል ሌላው ይመጣል፣ በስንት ልፋት ኤረሩ ሲያልቅ ደግሞ አፑ ገና ሲከፈት ይዘጋል፣ ምክንያቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅም አይቻልም። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው።

ችግሩ የችሎታ አይደለም፣ የቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ባዶ አፕ ስልክ ላይ ይከፈት። ከዚያ ፕሮግራማችሁ ቁራጭ በቁራጭ ይግባ። እያንዳንዱ ቁራጭ በገባ ቁጥር ስልክ ላይ ይሞከር። አንድ ነገር ሲበላሽ ያበላሸው መጨረሻ ያስገባችሁት ነው ማለት ነው።

ከታች በዝርዝር የምሄድበት መንገድ በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ፕሮግራምን ኤስዲኤል በሚባል ላይብረሪ (ፕሮግራማችሁ ውስጥ የሚገባ፣ ሌላ ሰው የጻፈው ዝግጁ ኮድ) አማካኝነት ወደ አንድሮይድ የሚወስደው ነው። በሌላ ቋንቋ ለምትሰሩ ደረጃ 1ን፣ 5ን፣ 7ን እና 8ን በደንብ አንብቡ፣ ለሁሉም ይሰራሉ።

## ደረጃ 1፦ ላይብረሪ ምረጡ

ላይብረሪ በዝና አይመረጥም። ፕሮግራሙ አሁን በምን ተጻፈ የሚለው ነው የሚወስነው።

ጌም፣ ወይም ስክሪኑን ራሱ የሚስል የሲ ፕሮግራም፦ ኤስዲኤል። መስኮት፣ ድምፅ፣ ንክኪ፣ ጆይስቲክ እና ፋይል ንባብ በሁሉም ሲስተም ላይ በአንድ አይነት ጥሪ ይሰጣችኋል። ፈቃዱ ዜድሊብ የሚባለው ልል ፈቃድ ስለሆነ ኮዱ ለሰው በማይሰጥ ዝግ ፕሮግራም ውስጥም ያለ ጣጣ ይገባል። ፕሮግራማችሁ በአሮጌው ኤስዲኤል 1.2 ከተጻፈ ግን በቀጥታ ወደ ስልክ አትውሰዱት። መጀመሪያ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ወደ 2 ወይም ወደ 3 አሳድጉት፣ እንደ ድሮው መስራቱን አረጋግጡ፣ ከዚያ ቀጥሉ።

በኪውት የተሰራ ፕሮግራም፦ ኪውት ራሱ ለአንድሮይድም ለአይኦኤስም ይሰራል። ዊጀትስ የሚባለው ክፍል ስልክ ላይ ይከፈታል፣ ግን ለማውስ እንጂ ለጣት አልተሰራም። ሎጂኩን እንዳለ አቆዩና ገጹን፣ ማለትም ተጠቃሚው የሚያየውን ክፍል፣ ኪውኤምኤል በሚባለው የኪውት የገጽ ቋንቋ ጻፉት።

ፓይተን፦ ኪቪ ወይም ቢዌር። በቲኪንተር የተሰራ ገጽ አብሮ አይሄድም፣ እንደገና ይጻፋል።

ሲ ሻርፕ፦ ደብሊውፒኤፍ ከዊንዶውስ አይወጣም። ደብሊውፒኤፍ ለለመደ ሰው አቫሎኒያ ቅርብ ነው። ዶትኔት ማዊም አለ።

ኤሌክትሮን፦ ራሱ ኤሌክትሮን ስልክ ላይ የለም። የገጹን ኮድ ካፓሲተር ወይም ታውሪ 2 ውስጥ ማስገባት ይቻላል፣ በኖድ ላይ የቆመው ክፍል ግን ሌላ መላ ይፈልጋል።

ጃቫ ስዊንግ፦ አንድሮይድ በጃቫ የተጻፈ አፕ ቢቀበልም ስዊንግ የሚባል ነገር የለውም። ሎጂኩ ይሄዳል፣ ገጹ ይቀራል።

ከመቀጠላችሁ በፊት የእያንዳንዱን ላይብረሪ ፈቃድ አንብቡ። ይህን ለመጨረሻ አታቆዩት። ቪኤልሲ ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ከአፕል አፕ ስቶር የወጣው በጂፒኤል ፈቃዱ (ፕሮግራሙን የሚያሰራጭ ሰው ኮዱንም እንዲሰጥ የሚያስገድድ ፈቃድ) ምክንያት ነው፣ የተመለሰውም በ2013 ፈቃዱ ከተቀየረ በኋላ ነው። የቪዲዮና የድምፅ ላይብረሪ የሆነውን ኤፍኤፍኤምፔግን የምትጠቀሙም ልብ በሉ፦ ኮምፓይል ስታደርጉት የጂፒኤል አማራጮችን ካበራችሁ ጠቅላላው በጂፒኤል ስር ይወድቃል።

## ደረጃ 2፦ ስልኩን ሳትነኩ ኮዱን አጽዱ

ይህ ደረጃ አሰልቺ ነው፣ ሰውም ይዘለዋል። የዘለለ ሰው ግን በኋላ እጥፍ ይከፍላል፣ ምክንያቱም ኮምፒውተር ላይ በአምስት ደቂቃ የሚገኝ ስህተት ስልክ ላይ ቀኑን ሙሉ ሊወስድ ይችላል።

1. ፕሮግራሙን በክላንግ ኮምፓይል አድርጉት። ኤንዲኬ፣ ማለትም የሲ ኮድ ለአንድሮይድ የሚገነባበት የመሳሪያ ስብስብ፣ ጂሲሲ የሚባለውን ኮምፓይለር ከስሪት 18 ጀምሮ አውጥቶታል፣ ያለው ኮምፓይለር ክላንግ ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያዎቹን ሁሉ አብሩና አንድ በአንድ አስተካክሉ።

2. የግንባታውን ፋይል ሲሜክ ወደሚባለው የግንባታ መሳሪያ ቀይሩት። ኤንዲኬው ራሱ ለሲሜክ የተዘጋጀ ፋይል ይዞ ነው የሚመጣው።

3. ሎጂኩን ከመስኮቱ ለዩት። ስሌት የሚሰራው ኮድ ውስጥ መስኮት የሚከፍት ወይም መልዕክት የሚያሳይ ጥሪ ካለ አውጡት።

4. የፋይል ስሞችን ተመልከቱ። ዊንዶውስ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፣ አንድሮይድ ግን አፑ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ሲፈልግ ይለያል። ወደ ኋላ ያዘመመውን ስላሽም በሙሉ ወደ ፊት ባዘመመው ቀይሩ።

5. የቁጥር መጠኖችን አስተካክሉ። የሲው «ሎንግ» የቁጥር አይነት 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 4 ባይት ነው፣ 64 ቢት አንድሮይድ ላይ 8 ነው። ፋይል ላይ በ«ሎንግ» የተጻፈ ዳታ ካላችሁ ስልኩ ላይ የተዘበራረቀ ነገር ታነባላችሁ። መጠናቸው በስማቸው የተነገረ አይነቶችን ተጠቀሙ።

6. የኢንቴል ፕሮሰሰር ልዩ ትዕዛዞችን ፈልጉ። ከእነዚህ ትዕዛዞች አንዱ የሆነው የኤስኤስኢ ኮድ አርም (የስልኮች ፕሮሰሰር) ላይ ኮምፓይል አይሆንም። ኤስኤስኢ2ኒዮን የሚባለው ላይብረሪ አንድ ሄደር ፋይል ብቻ ነው፣ አብዛኛውን ይተረጉምላችኋል። በአሴምብሊ የተጻፈ ካለ ግን በሲ ይጻፍ።

7. ሌላ ፕሮግራም የሚያስነሳ ኮድ አውጡ። አይኦኤስ አይፈቅድም። አንድሮይድ ደግሞ ከስሪት 10 ጀምሮ አፑ በራሱ የዳታ ፎልደር ውስጥ ያስቀመጠውን ፕሮግራም እንዳያስነሳ ከልክሏል። ያ ፕሮግራም እንደ ላይብረሪ አብሮ ይገንባ።

### «ቻር» ላይ ጊዜ ስጡ

ይህ ብዙ ሰው ያስለቀሰ ጉዳይ ነው። ኢንቴል ኮምፒውተር ላይ «ቻር»፣ አንድ ባይት የሚይዘው የሲ አይነት፣ አሉታዊ ቁጥር ይይዛል። አንድሮይድ አርም ላይ አይይዝም፣ ከ0 እስከ 255 ብቻ ነው። ፋይል አንድ አንድ ባይት እያነበባችሁ መልሱን «ቻር» ውስጥ አስቀምጣችሁ የፋይሉ መጨረሻ ምልክት ከሆነው -1 ጋር ታወዳድራላችሁ እንበል። ኮምፒውተር ላይ ይቆማል። ስልኩ ላይ ግን -1 ገብቶ 255 ይሆናል፣ 255 ደግሞ መቼም ከ-1 ጋር እኩል አይሆንም፣ ስለዚህ ዙሩ አያልቅም። ኤረር የለም፣ ክራሽ የለም፣ አፑ ዝም ብሎ ደርቆ ይቀራል።

መፍትሄው ቀላል ነው፦ መልሱን «ኢንት» ውስጥ ተቀበሉ። ሌላ ቦታ የተደበቀ ካለ ለመያዝ ደግሞ ክላንግ «ቻር»ን ያለ አሉታዊ ቁጥር እንዲወስድ የሚያደርገውን «አንሳይንድ ቻር» ፍላግ አብርታችሁ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ሞክሩ። የሚበላሸው ነገር እዚያው ይበላሻል፣ በቀላሉም ይገኛል። ኢሙሌተር (ኮምፒውተር ውስጥ የሚከፈት አስመሳይ ስልክ) ላይ ብቻ የምትሞክሩ ይህን አታዩትም፣ ምክንያቱም ኢንቴል ኮምፒውተር ላይ ያለ ኢሙሌተር ራሱም ኢንቴል ነው።

## ደረጃ 3፦ ባዶ አፕ ስልክ ላይ ክፈቱ

1. አንድሮይድ ስቱዲዮን ጫኑ። ከኤስዲኬ ማኔጀሩ ውስጥ ኤንዲኬንና ሲሜክን ጨምሩ።

2. ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ንኩ። የዴቨሎፐር አማራጮች ይከፈታሉ። ዩኤስቢ ዲበጊንግን አብሩ።

3. ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኙና በኤዲቢ (ከኮምፒውተር ስልኩን የምታዙበት መሳሪያ) መታየቱን አረጋግጡ። «አንኦተራይዝድ» ካለ ስልኩ ስክሪን ላይ የፈቃድ ጥያቄ እየጠበቃችሁ ነው።

4. የኤስዲኤል ኮድ ውስጥ «አንድሮይድ ፕሮጀክት» የሚባል ፎልደር አለ። ኮፒ አድርጉት፣ ዋናውን አትንኩ። የኤስዲኤሉን ኮድ «ጄኤንአይ» ፎልደር ውስጥ አስገቡ።

5. «ኤስአርሲ» ፎልደር ውስጥ አንድ የሲ ፋይል ጻፉ፦ መስኮት ከፍቶ ስክሪኑን አረንጓዴ የሚቀባ፣ ሌላ ምንም የሌለው።

6. ገንቡ፣ ስልኩ ላይ ጫኑ፣ ክፈቱ።

አረንጓዴ ስክሪን እስክታዩ ድረስ የራሳችሁን ኮድ አንድ መስመር እንኳ አታስገቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከኤስዲኤል ጋር የሚመጣውን የጃቫ ፓኬጅ ስም አትቀይሩ። የሲው ኮድ የጃቫውን ክፍል የሚያገኘው በዚያ ስም ነው። የራሳችሁን ስም የምትፈልጉ ከሆነ በራሳችሁ ፓኬጅ ውስጥ ከ«ኤስዲኤል አክቲቪቲ» የሚወርስ አዲስ ክላስ ጻፉና ማኒፌስቱ (የአፑ መግለጫ ፋይል) ላይ እሱን ጥሩ።

### አረንጓዴው ካልመጣ

አፑ ወዲያው ከተዘጋ ኤዲቢ ሎግካትን፣ ማለትም የስልኩን የመልዕክት መዝገብ፣ ክፈቱ። «አንሳቲስፋይድ ሊንክ ኤረር» ካለ ላይብረሪው አፑ ውስጥ የለም፣ ወይም ስሙ የተለየ ነው፣ ወይም ለስልኩ ፕሮሰሰር አልተገነባም። ኤስዲኤል ኮዳችሁን የሚፈልገው «ሜይን» በሚል ስም ነው። ሌላ ስም ከሰጣችሁት «ጌት ላይብረሪስ» የሚባለውን ዘዴ በክላሳችሁ ውስጥ ጽፋችሁ አሳውቁት።

የ«ሜይን» ፋንክሽን አልተገኘም ካለ ሄደሩን አስታውሱ። አንድሮይድ ላይ ፕሮግራሙ በጃቫ የሚጫን ላይብረሪ እንጂ ራሱን ችሎ የሚነሳ ፋይል አይደለም፣ ስለዚህ ኤስዲኤል የእናንተን «ሜይን» በስውር ስሙን ይቀይረዋል። ኤስዲኤል 3 ላይ ይህን የሚያደርገው ሄደር ከዋናው ሄደር ጋር አብሮ አይመጣም። «ሜይን» ያለበት ፋይል ውስጥ፣ እዚያ ብቻ፣ ለብቻው አስገቡት። «ሜይን»ም ሁለቱን መደበኛ መቀበያዎች መያዝ አለበት፣ ባዶ ቅንፍ አይሰራም።

## ደረጃ 4፦ ሌሎቹን ላይብረሪዎች ገንቡ

ፕሮግራማችሁ የሚጠቀማቸውን ላይብረሪዎች ዘርዝሩ። ኮምፒውተራችሁ ላይ የተገነባው ስልክ ላይ አይሰራም፣ እያንዳንዱ ለአርም እንደገና ይገነባል። ቪሲፒኬጂ ወይም ኮናን የሚባሉት የላይብረሪ ማስተዳደሪያ መሳሪያዎች ብዙዎቹን ለአንድሮይድ ይገነቡላችኋል፣ በእጅ ከመታገል በፊት እነሱን ሞክሩ።

መጀመሪያ ለ«አርም64» ብቻ ገንቡ። ሌሎቹ ፕሮሰሰሮች ሁሉም ነገር ከሰራ በኋላ ይጨመራሉ። ጎግል ፕሌይ ከ2019 ነሐሴ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 64 ቢት ስለሚጠይቅ እሱ የግድ ነው።

አንድ በአንድ ወደ አረንጓዴው አፕ አስገቡ። ከእያንዳንዱ አንድ ፋንክሽን ጥሩ፣ ለምሳሌ የስሪት ቁጥሩን ሎግ ላይ አትሙ። አፑ አሁንም ከተከፈተ ወደሚቀጥለው እለፉ።

## ደረጃ 5፦ ፋይሎችን አስተካክሉ

የስልክ ላይ ክራሽ በብዛት የሚመጣው ከዚህ ነው። አፑ ይዞት የሚመጣው ስዕል፣ ድምፅና ፎንት አንድሮይድ ላይ ዲስክ ላይ ያለ ፋይል አይደለም። አፑ ራሱ የታሸገ ዚፕ ነው፣ እነሱም ዚፑ ውስጥ ናቸው። ተራው የሲ ፋይል መክፈቻ አያገኛቸውም፣ ባዶ ይመልሳል። መልሱን የማያጣራ ኮድ እዚያው ይወድቃል።

1. የሚነበቡ ፋይሎችን «አሴትስ» ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ።

2. የፋይል መክፈቻ ጥሪዎችን በኤስዲኤሉ ቀይሩ። እሱ አሴትስ ውስጥም ገብቶ ያነባል። መንገዱ በስላሽ እንዳይጀምር።

3. እውነተኛ ፋይል የግድ የሚፈልግ ላይብረሪ ካለ፣ የዳታቤዝ ላይብረሪው ኤስኪውላይት አንዱ ነው፣ አፑ መጀመሪያ ሲከፈት ፋይሉን ወደ አፑ የግል ፎልደር ኮፒ አድርጉና ከዚያ ክፈቱት።

4. የሚጻፍ ነገር ሁሉ ኤስዲኤል በ«ጌት ፕሬፍ ፓዝ» ወደሚሰጣችሁ ፎልደር ይሂድ። ኪውት ላይ ደግሞ «ስታንዳርድ ፓዝስ» አለ። በእጅ የተጻፈ መንገድ ኮዱ ውስጥ አይኑር።

የግል ፎልደሩ አፑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ተጠቃሚው የለፋበት ስራ እዚያ ብቻ ከተቀመጠ አፑን ሲያጠፋ ልፋቱም ይሄዳል። ወደ ውጭ የማውጫ ቁልፍ አዘጋጁለት፣ በሲስተሙ የፋይል መምረጫ በኩል።

## ደረጃ 6፦ ግራፊክሱን ቀይሩ

የኤስዲኤልን ሬንደረር (የራሱን መሳያ) ብቻ ከተጠቀማችሁ ይህን ዝለሉት። ኦፕን ጂኤል የሚባለውን የግራፊክስ መሳያ በቀጥታ የምትጠሩ ግን ስራ አለባችሁ። ስልክ ላይ ያለው ለስልክ የተቀነሰው ዝርያው፣ ኦፕን ጂኤል ኢኤስ ነው። ኢኤስ 2.0 ላይ የድሮው «ቢጊን» እና «ኤንድ» አሳሳል የለም፣ አራት ማዕዘንም በቀጥታ አይሳልም፣ ወደ 2 ሶስት ማዕዘኖች ይከፈላል።

ሁለት መንገድ አለ። ኮዱ ትንሽ ከሆነ ወደ ሼደር (በግራፊክስ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚሄድ ትንሽ ፕሮግራም) ቀይሩት። ሰፊና ያረጀ ከሆነ ደግሞ ጂኤል4ኢኤስ የሚባል ላይብረሪ አለ፣ የድሮውን ኦፕን ጂኤል ጥሪ ተቀብሎ ወደ ኢኤስ ይቀይራል። እኔ ብሆን መጀመሪያ በጂኤል4ኢኤስ አስነስቼው ሌላው ሁሉ ከሰራ በኋላ ወደ ሼደሩ እመለሳለሁ፣ ምክንያቱም ሁለት ትልልቅ ለውጥ በአንድ ጊዜ ማድረግ ስህተት ፍለጋውን ያከብደዋል።

ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ የሼደሩን የኮምፓይል መልዕክት ሎግ ላይ አትሙ። «ኖ ፕሪሲዥን ስፔሲፋይድ» ካለ የፍራግመንት ሼደሩ አናት ላይ የፍሎት ጥራት የሚወስነው መስመር ጎድሏል። «ሚዲየምፕ» ብላችሁ ጨምሩት። የስሪት ቁጥሩንም ከኮምፒውተሩ 120 ወደ ኢኤሱ 100 ቀይሩ።

ለአይኦኤስ ለምታስቡ፦ አፕል ኦፕን ጂኤል ኢኤስን ከአይኦኤስ 12 ጀምሮ ጊዜው ያለፈበት ብሎታል። በቮልካን (ሌላ የግራፊክስ መሳያ) የተጻፈ ኮድ ካላችሁ ሞልተን ቪኬ የሚባለው ላይብረሪ በሜታል፣ በአፕል የራሱ መሳያ፣ ላይ ያስኬድላችኋል።

## ደረጃ 7፦ ጣት፣ ኪቦርድ እና ስክሪን

ኤስዲኤል ጣትን እንደ ማውስ አስመስሎ ይልካል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ነገሩ በራሱ የሚሰራ ይመስላል። የጣትን ኢቨንት (ሲስተሙ የሚልከውን የንክኪ መልዕክት) ራሳችሁ ማንበብ ስትጀምሩ ግን አንድ ጊዜ ነክታችሁ ሁለት ጊዜ ይሰራል፣ አንዱ ከጣቱ፣ አንዱ ከሐሰተኛው ማውስ። ከጣት የመጣውን ማውስ በሂንት (በኤስዲኤል ቅንብር) አጥፉት።

የጣት ቦታ በፒክስል አይመጣም፣ ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ነው የሚመጣው። ስፋቱ 1080 በሆነ ስክሪን ላይ 0.5 ማለት 540 ነው። ማባዛት ከረሳችሁ ንክኪው ሁሉ ግራ ላይኛው ጥግ ላይ ይከማቻል።

ማውስ ሲያንዣብብበት ብቻ የሚከፈት ሜኑ ስልክ ላይ አይከፈትም። በመንካት ይከፈት። ቀኝ ክሊክን በረጅም ንክኪ ተኩት።

መጠኑን አስቡ። 16 ፒክስል የሆነ የኮምፒውተር አይኮን 480 ዲፒአይ ስክሪን ላይ 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። አንድሮይድ የሚመክረው ቢያንስ 48 ዲፒ (በስክሪኑ ጥግግት የሚባዛ መለኪያ) ነው፣ በዚያው ስክሪን ላይ 144 ፒክስል ይሆናል። ሁሉንም ቁልፎች በስክሪኑ ጥግግት አባዙ፣ ከዚያ በቂ ቦታ ስለማይኖር የትኞቹ ቁልፎች እንደሚወጡ ወስኑ። ይህን ውሳኔ ላይብረሪ አይወስንላችሁም።

ለጽሑፍ የቁልፍ መጫን ኢቨንትን አትጠብቁ። የስክሪን ኪቦርድ ጽሑፉን በጽሑፍ ኢቨንት ነው የሚልከው፣ በዩቲኤፍ 8። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ ማጥፊያው አንድ ባይት ብቻ የሚያጠፋ ከሆነ የተሰበረ ምልክት ይቀራል። ፊደሉን ሙሉ አጥፉ።

የአንድሮይድ ተመለስ ቁልፍ ካልያዛችሁት አፑን ይዘጋዋል። በሂንት ያዙትና ከሜኑ ወደ ኋላ ለመመለስ ተጠቀሙበት።

## ደረጃ 8፦ ባክግራውንድ ሲገባ

ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም የሚዘጋው ተጠቃሚው ሲዘጋው ነው፣ ብዙ ኮድም ሴቭ የሚያደርገው ያኔ ነው። ስልክ ላይ ያ ሰዓት ላይመጣ ይችላል። ስልክ ይደወላል፣ አፑ ባክግራውንድ ይገባል፣ ሜሞሪ ሲያጥር ሲስተሙ ሳይናገር ይገድለዋል።

1. ሴቭ የሚደረገው አፑ ወደ ባክግራውንድ ሲገባ ይሁን። ይህን ኢቨንት በተራው ዙር ውስጥ አትጠብቁት፣ ሊዘገይባችሁ ይችላል። «አድ ኢቨንት ዋች» በሚለው ፋንክሽን ተቀበሉት፣ ወዲያው ይጠራል።

2. ድምፁንና መሳሉን አቁሙ። አይኦኤስ ባክግራውንድ ሆኖ በኦፕን ጂኤል የሚስል አፕን ይዘጋል።

3. ሲመለስ ቴክስቸሮቹ (ወደ ግራፊክስ ሜሞሪ የተጫኑት ስዕሎች) ጠፍተው ሊሆን ይችላል። እንደገና የሚጭናቸው አንድ ፋንክሽን ይኑራችሁ። ከጥሪ በኋላ ስዕሎቹ ነጭ ወይም ጥቁር ከሆኑ ምክንያቱ ይህ ነው።

4. ዝም ብሎ የሚሽከረከር ዙር ካለ ኢቨንት እስኪመጣ በሚጠብቅ ጥሪ ተኩት፣ አለዚያ ስልኩ ይግላል፣ ባትሪውም ያልቃል።

ለመሞከር የዴቨሎፐር አማራጮች ውስጥ «ዶንት ኪፕ አክቲቪቲስ» የሚለውን አብሩ። ከአፑ በወጣችሁ ቁጥር ሲስተሙ አክቲቪቲውን፣ ማለትም የአፑን ክፍት ስክሪን፣ ያፈርሰዋል። እየሰራችሁ ውጡ፣ ተመለሱ፣ ስክሪኑን አዙሩ፣ ደጋግሙ።

## ደረጃ 9፦ ከመልቀቃችሁ በፊት

ሲከሽፍ ሎግካት የሚሰጣችሁ የአድራሻ ዝርዝር ብቻውን ትርጉም የለውም። ከኤንዲኬው ጋር የሚመጣው ኤንዲኬ ስታክ ያንን ወደ ፋይል ስምና መስመር ቁጥር ይቀይራል። ለዚህ ግን ምልክቶቹ (የፋንክሽን ስሞችና የመስመር ቁጥሮች) ያልተወገዱበት ላይብረሪ ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ የለቀቃችሁትን የእያንዳንዱን ስሪት አንድ ኮፒ አስቀምጡ።

የ16 ኪሎባይት የሜሞሪ ገጽን (ሲስተሙ ሜሞሪ የሚከፋፍልበትን ቁራጭ) አትርሱ። አዳዲስ አንድሮይድ ስልኮች የሜሞሪ ገጻቸው ከ4 ወደ 16 ኪሎባይት እያደገ ነው፣ ጎግል ፕሌይም አንድሮይድ 15ን ኢላማ ካደረጉ አፖች ይህን ይጠይቃል። ኤንዲኬ 28 በራሱ ያስተካክለዋል። ከሌላ ሰው ተገንብቶ የመጣ ላይብረሪ ካላችሁ ግን የእሱን አሰላለፍ ለብቻው አጣሩ፣ ካልተስተካከለ ከኮዱ እንደገና ገንቡት። ኮዱ ከሌላችሁ ከባለቤቱ አዲስ ስሪት ጠይቁ፣ ወይም ሌላ ላይብረሪ ፈልጉ።

የመጨረሻው ፍተሻ በሪሊዝ ግንባታ ይሁን። ዲበግ ላይ የሚሰራ አፕ ሪሊዝ ላይ ሲወድቅ በብዛት የሚገኘው መነሻ እሴት ያልተሰጠው ተለዋዋጭ ነው። አድሬስ ሳኒታይዘር የሚባለው የስህተት መፈለጊያ ያን አይዘውም፣ ከድርድር ውጭ የመጻፍንና ነፃ የወጣ ሜሞሪን የመንካትን ስህተት ነው የሚይዘው። ስለዚህ ለዚያ ሜሞሪ ሳኒታይዘርን ወይም ቫልግራይንድን ተጠቀሙ፣ ሁለቱንም እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ፣ ሊኑክስ ላይ።